ምዕራፍ 7፦ ተራ በምን ይያዛል?

ሲስተም ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «እዚህ ቦታ ላይ ኪው ልጠቀም ወይስ ሊንክድ ሊስት?» ጥያቄው ፈተና ላይ ቢወጣ ማንም አይጠራጠረውም። ሁለቱ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው የሚቻል ይመስላል።

ሁለቱ ግን አንድ ሚዛን ላይ የሚወጡ ነገሮች አይደሉም። ኪው የሥርዓት ስም ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል የሚል ቃል ኪዳን ነው። ቃሉ በምን እንደሚጠበቅ አይናገርም። ሊንክድ ሊስት ደግሞ የአቀማመጥ ስም ነው፤ ዕቃዎች በሜሞሪ ውስጥ ተበታትነው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱም የሚቀጥለውን አድራሻ ይይዛል። ስለ ተራ ምንም ቃል አልገባም። ስለዚህ ኪው በሊንክድ ሊስት ሊሠራ ይችላል፤ በሌላ ነገርም ሊሠራ ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህን ተራ በምን ላስይዘው?» የሚለው ነው፤ መልሱም አብዛኛው ጀማሪ ከሚፈልግበት ቦታ አይገኝም።

በምዕራፍ 3 ሜሞሪን ቁጥር እንደተጻፈባቸው ረጅም የሣጥኖች ረድፍ አይተነዋል፤ በምዕራፍ 5 ደግሞ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ፕሮግራሞችን እንዴት እንደሚያፈራርቅ ተመልክተናል። አሁን ሁለቱን ማገናኘት አለብን። ከርነል ከጠዋት እስከ ማታ ተራ ያስይዛል፦ ፕሮሰሰር ለሚጠብቁ፣ ዲስክ ለሚጠብቁ፣ ከኔትወርክ ለመጡ ፓኬቶች፣ ለተነካ የኪቦርድ ቁልፍ። ተራ ጠባቂዎቹን የሚያስቀምጣቸውም በእነዚያው ሣጥኖች ውስጥ ነው።

ወፍጮ ቤቱ

ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤት እንግባ። ጤፉን፣ ስንዴውን፣ የሽሮ እህሉን ይዞ የመጣው ብዙ ነው፤ ወፍጮው አንድ ነው። ተራ የሚያዝበት መንገድ ሁለት ነው።

አንደኛው ማዳበሪያዎቹን በመጡበት ቅደም ተከተል በግድግዳው ሥር መደርደር ነው። ባለቤቱ ቡና ሊጠጣ ቢሄድም ተራውን ማዳበሪያው ይጠብቅለታል። ፈጪው ከፊት ያለውን ያነሳል፤ አዲስ የመጣ ከኋላ ያስቀምጣል። ስንት ሰው እንደሚጠብቅ በአንድ እይታ ይታወቃል። ግድግዳው ግን ያልቃል። ያኔ ፈጪው አንድ ነገር መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ማዳበሪያን እንዳመቸ አስቀምጦ «የመጨረሻው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። «እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ነህ ልጄ» ይላሉ ጥላው ሥር የተቀመጡ እናት። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከኋላቸው ማን እንዳለ አወቁ። አንዱ ጥላው ሥር፣ አንዱ ሱቁ በረንዳ ላይ፣ አንዷ ከመንገዱ ማዶ ብትሆንም ሰልፉ አለ፤ በዓይን ብቻ አይታይም። ግቢው እስካልጠበበ ድረስም ያሻውን ያህል ይረዝማል።

አሁን ከመሃል አንዱ «በርበሬውን ቤት ረስቼው መጣሁ» ብሎ ሊሄድ ነው እንበል። በሁለተኛው መንገድ ይህ ቀላል ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸዋል፣ ይሄዳል። ሌላው ሰው ሁሉ መስማትም አያስፈልገው። በመጀመሪያው መንገድ ግን ማዳበሪያው ሲነሳ ክፍት ቦታ ይተዋል። ወይ ከኋላ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ማስጠጋት ነው፣ ወይ ክፍቱን ቦታ እንዳለ ትቶ ፈጪው ሲደርስበት እንዲያልፈው መንገር።

በኮምፒውተር ቋንቋ የመጀመሪያው መንገድ አሬይ ነው፣ ተከታታይ ሣጥኖች። ሁለተኛው ሊንክድ ሊስት ነው። እያንዳንዱ ጠባቂ ኖድ ይባላል፤ «ከእኔ ቀጥሎ እገሌ ነው» የሚለው ትዝታ ደግሞ ፖይንተር፣ ማለትም የሌላ ሣጥን አድራሻ ነው።

ሰንሰለቱ ከየት መጣ

ሊንክድ ሊስት የተፈለሰፈው ለሰልፍ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 እና 1956 አለን ኒውኤል፣ ክሊፍ ሾው እና ኸርበርት ሳይመን «ሎጂክ ቲዮሪስት» የተባለ ፕሮግራም ይሠሩ ነበር፤ የሒሳባዊ ሎጂክ ቲዎረሞችን በራሱ የሚያረጋግጥ ፕሮግራም። ማረጋገጫ ፍለጋ የወጣ ፕሮግራም የት እንደሚያደርሰው አስቀድሞ አያውቅም። አንዱ ሐረግ ወደ ሦስት ይበተናል፣ ሦስቱ ወደ አሥር፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይጣላሉ። «ሁለት መቶ ሣጥን ያዝልኝ» ብሎ መጀመር አይቻልም። ሦስቱ ሰዎች ለዚህ ብለው አይፒኤል የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሠሩ፤ በውስጡም ዕቃ የትም ተቀምጦ በአድራሻ የሚያያዝበት ዘዴ ነበር። ጆን ማካርቲ በ1958 ሊስፕን ሲጀምር ይህንኑ ሐሳብ የቋንቋው መሠረት አደረገው።

ልብ በሉ፤ ሰንሰለቱን የወለደው የፍጥነት ጥማት አይደለም፣ መጠንን አለማወቅ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የፕሮሰሰሩና የሜሞሪው ፍጥነት እንደ ዛሬው አልተራራቀም ነበር። አድራሻ ተከትሎ ሌላ ሣጥን ዘንድ መሄድ ያን ያህል አያስከፍልም ነበር። ዛሬ ያስከፍላል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

የግድግዳው ሁለት ጫፍ ሲገናኝ

የግድግዳው ሰልፍ አንድ ግልጽ ድክመት አለው። ፈጪው የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ባነሳ ቁጥር ሌሎቹን ወደ ፊት መጎተት ካለበት ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ይውላል። መፍትሔው ማዳበሪያዎቹን ትቶ ራሱ መንቀሳቀስ ነው። «አሁን ከዚህ ነው የማነሳው» የሚል ምልክት ይይዛል፣ ባነሳ ቁጥር ምልክቱን አንድ ቦታ ያሳልፋል። ምልክቱ የግድግዳው መጨረሻ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ እዚያ ያሉት ቦታዎች በዚህ ጊዜ ተለቀዋል። አዲስ የመጣ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆንም አሠራሩ ክብ ሆነ። ይህ ሪንግ ባፈር ይባላል፣ ቀለበታዊ ቋት።

የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ኬፊፎ የሚባል ቀለበት አለ፤ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ቀለበቱ 8 ቦታ አለው እንበል። ሁለት ቆጣሪዎች አሉት፦ እስካሁን ስንት እንደገባ የሚቆጥር «ገቢ» እና ስንት እንደወጣ የሚቆጥር «ወጪ»። ሁለቱንም ወደ ዜሮ የሚመልሳቸው የለም፤ ዝም ብለው ይጨምራሉ። ገቢ 13፣ ወጪ 9 ከሆነ በመጠበቅ ላይ ያሉት 13 ሲቀነስ 9፣ ማለትም 4 ናቸው። ቀጣዩ ዕቃ የሚቀመጠው የት ነው? 13 በሁለትዮሽ ሲጻፍ 1101 ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ብቻ እንያዝ፦ 101፣ ማለትም 5። ቦታ ቁጥር 5 ላይ ይገባል። ማካፈል የለም፣ «መጨረሻ ደርሻለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የለም። ኬፊፎ መጠኑ 8፣ 16፣ 32 እያለ እጥፍ በእጥፍ የሚሄድ ቁጥር እንዲሆን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ቆጣሪው ከ4 ቢሊዮን በላይ ቆጥሮ በራሱ ወደ ዜሮ ቢዞር እንኳ የመቀነሱ ሒሳብ አይዛባም። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ ያሰኛል።

ሌላም ትሩፋት አለው። የሚያስገባው አንድ፣ የሚያወጣው አንድ ከሆኑ፣ «ገቢ»ን የሚነካው አስገቢው ብቻ ነው፤ «ወጪ»ን የሚነካው አውጪው ብቻ ነው። ሁለቱ በሁለት የተለያዩ ፕሮሰሰሮች ላይ እየሠሩ አንዱ ሌላውን «ቆይ» ሳይለው ይኖራሉ። ፕሮሰሰሩ ወደ ሜሞሪ የሚጽፍበትን ቅደም ተከተል እንዳያፋልስ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል እንጂ ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ አያስፈልግም።

የአንድ እርምጃ ዋጋ

የመማሪያ መጽሐፍ ሁለቱን ሲያወዳድር የእርምጃ ቁጥር ይቆጥራል። ከሊንክድ ሊስት ላይ ማውጣት፦ ጥቂት እርምጃ። ከአሬይ መሃል ማውጣት፦ እንደ ዕቃው ብዛት። ስለዚህ ሰንሰለቱ ይበልጣል። ይህ ቆጠራ የሚያስቀረው አንድ ነገር አለ፤ የእያንዳንዱ እርምጃ ዋጋ እኩል አይደለም።

በምዕራፍ 3 እንዳየነው ፕሮሰሰሩ ከዋናው ሜሞሪ አንዲት ሣጥን አያመጣም፤ በአብዛኞቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች 64 ባይት በአንድ ጊዜ አፍሶ ካሽ በሚባለው ቅርብ ማስቀመጫው ውስጥ ያስገባል። ካሽ ውስጥ ያለን ነገር ማንበብ ወደ አንድ ናኖሰከንድ ይፈጃል፤ ዋናው ሜሞሪ ድረስ መሄድ ወደ መቶ። ጠባቂዎቹ ጎን ለጎን ከተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸውም 8 ባይት ከሆኑ፣ አንዱን ለማየት ስንሄድ ሰባቱ አብረው ይመጣሉ። በሰንሰለቱ ግን እናትየው ዘንድ ሳንደርስ ቀጥሎ ማን እንዳለ አናውቅም፤ ሱቁ በረንዳ ላይ ያለው ዘንድ ሳንደርስ ከመንገድ ማዶ ስላለችው አንሰማም። ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ገምቶ ቀድሞ ለማምጣት ይሞክራል፤ በአድራሻ ሰንሰለት ላይ ግን የሚገምተው የለውም።

የሲ ፕላስ ፕላስ ፈጣሪ ቢያርነ ስትሮስትሩፕ በ2012 በሰጠው ንግግር ይህን አሳይቷል። መሃል ላይ ማስገባትና ማውጣት በበዛበት ሥራ እንኳ፣ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት የሥራው አካል ከሆነ፣ የተደረደረው አሬይ ሰንሰለቱን ይቀድማል፤ ፍለጋው ራሱ ጊዜውን ይበላዋልና። በጃቫም ቢሆን ሰነዱ፣ ለኪው ከሆነ ከሊንክድ ሊስቱ ይልቅ በአሬይ ላይ የተሠራው «አሬይዴክ» ሳይፈጥን አይቀርም ይላል። የጃቫን ሊንክድ ሊስት የጻፈው ጆሹዋ ብሎክ ራሱ፣ እኔም አልጠቀምበትም ብሎ በአደባባይ ተናግሯል።

ሊኑክስም ጋ አንድ ታሪክ አለ። ሰንሰለት ላይ የሚሄደው ኮድ «የሚቀጥለውን ከወዲሁ አምጣልኝ» የሚል ምክር ለፕሮሰሰሩ ይሰጥ ነበር፤ ለዓመታት እንደ ብልሃት ተቆጥሮ ኖረ። በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ምክሩን አስወጣው። ሲለካ እያዘገየ ተገኘ፤ አብዛኞቹ ሰንሰለቶች አጫጭር ስለሆኑ ከመጨረሻው ኖድ በኋላ የሌለን ነገር ማስመጣት ኪሳራ ሆነ። እዚህ መስክ ላይ ያልተለካ ነገር አይታመንም።

እስካሁን የተባለውን ሰምቶ «እንግዲያው ሰንሰለት ይቅር» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከርነሉ ግን በሰንሰለት የተሞላ ነው። ምክንያት አለው።

ከመሃል የሚሄድ ሲኖር

አንድ ፕሮግራም ከኪቦርድ ወይም ከኔትወርክ የሚመጣ ነገር ይጠብቃል እንበል። ከርነሉ በመጠበቂያ ሰልፍ ላይ ያስገባውና ያስተኛዋል። ሳይመጣለት በፊት ተጠቃሚው ኮንትሮል ሲን ቢጫን ወይም የጊዜ ገደቡ ቢያልፍ፣ ፕሮግራሙ ተራው ሳይደርስ ከሰልፉ መውጣት አለበት። ከፊት ሳይሆን ከመሃል፣ አሁኑኑ።

ሊኑክስ ለዚህ የሚጠቀመው ባለ ሁለት አቅጣጫ ሰንሰለት ነው፣ እያንዳንዱ ከፊቱም ከኋላውም ያለውን የሚያውቅበት። መፈለግ የለም፤ የሚወጣው ራሱ የት እንዳለ ያውቃል። ከፊቱ ላለው «ከአንተ ቀጥሎ እገሌ ነው»፣ ከኋላው ላለው «ከፊትህ እገሌ አለ»፤ ሁለት አድራሻ ይቀየራል፣ አለቀ። ስትሮስትሩፕ ያሳየው ኪሳራ ከፍለጋ የመጣ ነው፤ ፍለጋ ከሌለ ኪሳራውም የለም።

የመማሪያ መጽሐፍ ሊንክድ ሊስት ሌላም ጉድለት አለበት፤ ሰው ባስገባ ቁጥር ለኖዱ አዲስ ሜሞሪ ይጠይቃል። ሜሞሪ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዴም «የለም» ይባላል። ከርነሉ ከዚህ በሚያምር መንገድ አምልጧል። ሁለቱን አድራሻዎች፣ ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ 16 ባይት የሚሆኑትን፣ በሚጠብቀው ዕቃ ውስጥ ራሱ ይተክላቸዋል። ወደ ሰልፉ ለመግባት አዲስ ነገር አይፈጠርም፤ ጠባቂው የመያያዣውን ቀለበት ከቤቱ ይዞ ይመጣል። በመጠበቂያው ሰልፍ ላይ ደግሞ ኖዱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በራሱ በጠባቂው ስታክ ላይ ነው፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለሥራው በያዘው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ። ፕሮግራሙ ተኝቶ ሳለ ስታኩ አይነካም፤ ሲነቃ ራሱን ከሰልፉ ይነቅላል። ሜሞሪ ባለቀበት ሰዓት እንኳ ተራ መያዝ ይቻላል፤ ማሽኑ በተጨነቀ ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አደጋም አለው። ከሰልፉ የወጣ ሰው አሁንም የድሮ ጎረቤቶቹን አድራሻ ይዞ ሊቀር ይችላል፤ አንድ የተሳሳተ ኮድ ያንን አድራሻ ተከትሎ ቢሄድ የሌላ ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ ሊኑክስ ኖዱን ሲነቅል በሁለቱ አድራሻዎች ምትክ ሆን ብሎ የማይረባ ቁጥር ይጽፋል፤ በከርነሉ ኮድ ውስጥ «መርዝ» ይባላል። ማንም ቢከተለው እዚያው ይወድቃል። በዝምታ ተሳስቶ ከመቀጠል እዚያው መውደቅ ይሻላል የሚል ፍርድ ነው፤ እኔም እስማማበታለሁ።

ሲሞላስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የዚህ ምዕራፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ኪው የሚፈጠረው አስገቢውና አውጪው እኩል ስለማይሄዱ ነው። አንዱ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ሰልፉ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይሸከማል። ልዩነቱ ለአፍታ ከሆነ ሰልፉ ያብጥና ይጎድላል። አስገቢው ሁልጊዜ የሚፈጥን ከሆነ ግን የትኛውም ሰልፍ ይሞላል። ምርጫው ምን ይሁን ለማለት ከፍጥነት በፊት «ሲሞላ ምን ይደረግ?» መባል አለበት። ቀለበት ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ያስነሳል፤ ስንት ቦታ እንዳለው አስቀድመህ መናገር አለብህና። ሰንሰለት ጥያቄውን ያዘገየዋል።

ከርነሉ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች በሦስት ቀለበቶች ላይ እናገኛለን።

የመጀመሪያው ፓይፕ ነው። ዳግ ማክልሮይ ሐሳቡን አመጣ፣ ኬን ቶምሰን በ1973 ዩኒክስ ውስጥ አስገባው፤ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ግብዓት አድርጎ የሚያቀብል ቱቦ ነው። በሊኑክስ ቱቦው በተለመደው አሠራር 16 ቦታ ያለው ቀለበት ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ 4096 ባይት ይይዛል፣ በጠቅላላው 65,536 ባይት። ሲሞላ ጸሐፊው ፕሮግራም ይተኛል። አንባቢው ጥቂት ሲያነብ ጸሐፊው ይነቃል። አንድ ግዙፍ ፋይል በዝግተኛ ፕሮግራም ውስጥ ብናሳልፍ ሜሞሪ አይጥለቀለቅም፤ ፈጣኑ የዝግተኛውን እርምጃ እንዲጠብቅ ይገደዳል። ወፍጮ ቤቱ «ግድግዳው ሞልቷል፣ እደጅ ይጠብቁ» እንዳለ ነው።

ሁለተኛው የኔትወርክ ካርድ ነው። ካርዱና ከርነሉ የሚገናኙት በቀለበት ነው፤ ካርዱ የመጡትን ፓኬቶች ከርነሉ ባዘጋጃቸው ቦታዎች ላይ እያኖረ ይሄዳል። ከርነሉ ዘግይቶ ቀለበቱ ከሞላ አዲሱ ፓኬት ይጣላል። ላኪውን «ተኛ» ማለት አይቻልም፤ ከውቅያኖስ ማዶ ሊሆን ይችላል። የጠፋውን ፓኬት ቲሲፒ የተባለው የኔትወርክ ሥርዓት ቆይቶ ያስልከዋል፣ መጥፋቱንም «መንገዱ ተጨናንቋል፣ ቀስ በል» ብሎ ይተረጉመዋል።

ሦስተኛው የከርነሉ የራሱ ማስታወሻ ነው፤ ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ የሚነበበው። ሲሞላ አሮጌው ይደመሰሳል፣ አዲሱ በላዩ ይጻፋል። ማሽኑ ሲወድቅ የሚፈለገው የመጨረሻው መልእክት እንጂ ከሳምንት በፊት የተጻፈው አይደለምና ልክ ነው።

መጠበቅ፣ መጣል፣ መደምሰስ። ሦስቱም መራራ ናቸው፤ ሦስቱም ግን የታሰበባቸው ናቸው። ወሰን የሌለው ሰንሰለት አራተኛ መልስ የሰጠ ይመስላል፦ «ችግር የለም፣ ይጨመር።» ይህ መልስ ዕዳ ነው። ዕዳው አንድ ቀን በሜሞሪ እጥረት ይከፈላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በመዘግየት ይከፈላል።

የመዘግየቱን ነገር ዓለም የተማረው በቤት ራውተሮች ነው። ሜሞሪ ሲረክስ አምራቾች በራውተሮችና በሞደሞች ውስጥ ትላልቅ የፓኬት መጠበቂያዎች አስገቡ፤ ፓኬት ከሚጠፋ ይጠብቅ በሚል ቅን ሐሳብ። 1 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ መጠበቂያ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ብናስቀምጥ፣ 8 ሚሊዮን ቢት ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ የገባው ፓኬት 8 ሰከንድ ይጠብቃል። አንድ ሰው ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ሲጭን የጎረቤት ክፍል የስልክ ጥሪ የሚሞተው በዚህ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፓኬት ስለማይጠፋ ቲሲፒ መጨናነቁን አያውቅም፤ መላኩን ይቀጥላል። ፕሮግራመሩ ጂም ጌቲስ በ2010 አካባቢ በቤቱ መስመር ላይ ይህን ተከታትሎ ደረሰበት፤ በፈረንጆቹ አጠራር «ባፈርብሎት» ተባለ፣ ያበጠ ሰልፍ እንደ ማለት።

በ2012 ካትሊን ኒኮልስ እና ቫን ጃኮብሰን ያቀረቡት ኮዴል የተባለው ዘዴ የሰልፉን ርዝመት መለካቱን ተወው። የሚለካው እያንዳንዱ ፓኬት ምን ያህል እንደቆየ ነው። የመቆያ ጊዜው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ ሳይወርድ ከቀጠለ አንዱን ይጥላል፣ ላኪው እንዲሰማ። ሰልፍ ለአፍታ መርዘሙ ጤና ነው፤ ረዝሞ መቅረቱ በሽታ ነው። ይህን ልዩነት የሚያሳየው የሚቆይበት ጊዜ እንጂ የሰዎቹ ብዛት አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሰው «ኪው ወይስ ሊንክድ ሊስት?» ብሎ ሲመጣ ሦስት ነገር መልሼ እጠይቀዋለሁ። የሚጠብቀው ነገር ጣሪያ አለው ወይ? ተራው ሳይደርስ ከመሃል የሚወጣ አለ ወይ? በሚገባበት ሰዓት ሜሞሪ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ጣሪያ ካለውና ከመሃል የሚወጣ ከሌለ፣ ቀለበት ነው፤ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ከመሃል የሚወጣ ካለ፣ ሰንሰለት ነው፤ በሚገባበት ሰዓት ሜሞሪ መጠየቅ ካልተቻለ ደግሞ ጠባቂው መያያዣውን በራሱ ውስጥ የያዘበት ሰንሰለት ነው። «ጣሪያ የለውም» የሚል መልስ ከሰጠኝ ግን ስለ አወቃቀሩ አናወራም፤ በቅድሚያ ስለ ጣሪያው እናወራለን።

ተራው የመድረሻ ቅደም ተከተል ካልሆነስ? ያኔ ከሁለቱም ይወጣል። የሊኑክስ 2.4 ከርነል ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ሁሉ በአንድ ሰንሰለት ይዞ፣ ማንን ላስቀድም ለማለት ሰንሰለቱን ከዳር እስከ ዳር ያነብ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲበዛ ምርጫው ራሱ ሥራ ሆነ። 2.6 በየቅድሚያ ደረጃው የተለያዩ 140 ሰንሰለቶችን አመጣ። በ2007 ኢንጎ ሞልናር ሰንሰለቶቹን በዛፍ ተካቸው፤ ዛፉን በሚቀጥለው ምዕራፍ እንወጣዋለን።

ሁለቱም በአንድ ቤት

ብስል የሆኑ ሲስተሞች ብዙ ጊዜ አንዱን አይመርጡም። ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጎሩቲን የሚላቸውን ጥቃቅን ሥራዎች በሺህ የሚቆጠሩ አድርጎ ያስኬዳል፤ ለሚጠብቁት ሁለት ዓይነት ሰልፍ አለው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ሰልፍ አለው፣ 256 ቦታ ያለው ቀለበት። አዲስ ሥራ እዚያ ይገባል፤ ቅርብ ነው፣ ካሽ ውስጥ ነው፣ የሌላ ፕሮሰሰር ቁልፍ አይጠብቅም። ቀለበቱ ሲሞላ ግማሹ ሥራ በአንድ ጊዜ ተነቅሎ ለሁሉም የጋራ ወደሆነው ሰልፍ ይሄዳል፤ ያኛው ሊንክድ ሊስት ነው። ጎሩቲኑ የሚቀጥለውን አድራሻ የሚይዝበት ቦታ በራሱ ውስጥ ስላለው ለዝውውሩ አዲስ ኖድ አይፈጠርም። ከመቶ በላይ ጠባቂዎች አንድ ጊዜ ስለሚሸጋገሩም የጋራው ሰልፍ ቁልፍ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው።

ይህ አደረጃጀት አንድ ቀዳዳ ነበረበት። ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ከራሱ ቀለበት እያነሳ የሚሠራ ከሆነ፣ በጋራው ሰልፍ ላይ ያሉት ተራቸው ላይደርስ ይችላል፤ ኪው የገባው ቃል ይፈርሳል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሥራ በመረጠ በ61ኛው ጊዜ የራሱን ቀለበት ትቶ መጀመሪያ የጋራውን ሰልፍ እንዲያይ ተደረገ።